የበረዶው መኪና፦ ከሐኪም ቤት መንገድ እስከ ተራራ ጫፍ

የካናዳ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ አገሪቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሐዲድ ያገናኘው በ1885 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐዲዱ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሰልከርክን ተራሮች ያልፍ የነበረው ሮጀርስ ፓስ በሚባለው የተራራ በር በኩል ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የተነሣ እርጥብ ደመና እዚህ ሲደርስ ይገታና ጭነቱን ያራግፋል። በሩ ላይ በአንድ ክረምት የሚወርደው በረዶ ቢደመር ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ጫፎቹ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። መሐንዲሶቹ ተራራውን ለክተው፣ ዓለቱን ፈልጠው፣ ወንዙን ተሻግረው ነበር። በረዶውን ግን አላወቁትም። በተከታዮቹ 25 ዓመታት ገደማ በዚያ መስመር ከ200 የሚበልጡ ሠራተኞች በናዳ አለቁ።

ማርች 4 ቀን 1910 ምሽት ከአንደኛው ተራራ የወረደ ናዳ ሐዲዱን ዘጋው። ኩባንያው በረዶ ጠራጊ ባቡርና አካፋ የያዙ ሠራተኞችን ላከ። ሰዎቹ ሲቆፍሩ አምሽተው እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከማዶው ተራራ ሁለተኛ ናዳ ተለቀቀና 58ቱን ቀበራቸው። ከሟቾቹ 32ቱ እንጀራ ፍለጋ ከጃፓን የመጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ የተገኙት በቆሙበት ደርቀው ነው። ከዚህ በኋላ ኩባንያው በተራራው ላይ ማለፉን ትቶ በሥሩ መቦርቦርን መረጠ፤ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮናት ዋሻ በ1916 ተከፈተ።

ሰው ከሸሸው ከዚያ በረዶ መሀል፣ ከዓመታት በኋላ፣ ገንዘብ ከፍሎ ለጨዋታ የሚወጣ ሰው መጣ። ያወጣውም ስኖውካት የሚባል፣ በጎማ ፈንታ በሰፋፊ ሰንሰለት የሚሄድ መኪና ነው። የመኪናው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከጨዋታ ርቆ ነው።

ጎማ የማይሄድበት

የሮጀርስ ፓስ ሠራተኞች በሞቱበት በዚያው ዓመት በጁን ወር እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ለመሄድ መርከቡን አስነሣ። ከፈረሶቹና ከውሾቹ ጋር ሦስት ባለ ሞተር ተንሸራታቾች ጭኖ ነበር፤ ሦስቱም በሰንሰለት የሚነዱ ናቸው። አንደኛው ጃንዋሪ 1911 ከመርከብ ሲወርድ የባሕሩን በረዶ ሰብሮ ሰጠመ። የቀሩት ሁለቱ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጉዞ ቢጀምሩም ሞተራቸው ተበላሽቶ ብዙ ሳይርቁ ቆሙ። ሰንሰለቱ በበረዶ ላይ እንደሚሠራ ታይቷል፤ የከዳው ሞተሩ ነበር።

በዚያው ዘመን በሩሲያ ዛር ኒኮላይ ሁለተኛ ጋራዥ የሚሠራ አዶልፍ ኬግሬስ የሚባል ፈረንሳዊ መካኒክ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። የዛሩ ቅንጡ መኪናዎች በክረምት ከተማ ለቀው መውጣት አይችሉም። ኬግሬስ የኋላ ጎማቸውን አውልቆ በተጣጣፊ የጎማ ቀበቶ ተካው፤ ከፊት ደግሞ መንሸራተቻ አደረገላቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ መካኒኩ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሥራው ግን ዛሩን ከጣሉት ሰዎች እጅ ገባ። ሌኒን ይጠቀምበት የነበረ ሮልስ ሮይስ በኬግሬስ ቀበቶ ተሠርቶ ዛሬም ሞስኮ አጠገብ በሙዚየም ይታያል። ኬግሬስ ፈረንሳይ ሲገባ ከሲትሮየን ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ በበረዶ የተፈተኑት ቀበቶዎች ከዲሴምበር 1922 ጀምሮ የሰሃራን አሸዋ አቋርጠው በጃንዋሪ 1923 ቲምቡክቱ ደረሱ። በረዶና አሸዋ ለመካኒክ አንድ ዓይነት ጥያቄ ናቸው፤ ሁለቱም የሚውጡት ክብደት በጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው።

የቫልኩር መካኒክ

ኬግሬስ መኪናውን የሠራው ለንጉሥ ነው። ለተራው ሰው የሠራው በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ቫልኩር በምትባል የገጠር ከተማ የተወለደው ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲየር ነው። በዚያ ዘመን የኩቤክ ገጠር መንገዶች በክረምት አይጠረጉም ነበር። ገበሬው መኪናውን ጋጥ ውስጥ አቁሞ ለወራት በፈረስ ተንሸራታች ይሄዳል። ቦምባርዲየር በ15 ዓመቱ፣ በ1922 መጨረሻ፣ የፎርድ ሞተር በተንሸራታች ላይ ገጥሞ ከኋላው የአውሮፕላን ዓይነት መዘውር አሰረበትና ከወንድሙ ጋር በከተማዋ መንገድ ላይ ነዳው። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። አባቱ ግን የሚሽከረከረውን ስለት አይቶ ደነገጠ፤ ቶሎ እንዲፈታው አዘዘው። ልጁ ፈታው፤ ሐሳቡን ግን አልተወውም።

በ1934 ክረምት የቦምባርዲየር የ2 ዓመት ልጅ ታመመ። ትርፍ አንጀት ነበር። ሐኪም ቤት ያለው ሸርብሩክ ከተማ ነው፤ በበጋ ቢሆን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱን በረዶ ዘግቶታል። ልጁ ሳይታከም ሞተ።

ቦምባርዲየር ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለቅሶ ብቻ አድርጎ መተረክ ቀላል ነው። ሰውየው በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ሲሞክር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ሐዘኑ የጨመረለት ጥድፊያ ነው። ችግሩ የነበረው በሰንሰለቱ ውስጥ ነው። የብረት ሰንሰለት ይከብዳል፤ በረዶም ይሞላበትና ይደርቃል። ጎማ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንሸራትታል። ቦምባርዲየር ጥርስ ያለውን መዘውር በጎማ ለበጠው፤ ሰንሰለቱንም ከጎማ ቀበቶና ከብረት ዘንጎች አዋቀረው። ቀበቶው ሲተጣጠፍ በረዶውን እያራገፈ ይሄዳል። በጁን 1937 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ቢ7 የተባለችው ሰባት ሰው የምትጭን መኪና ተሸጠች፤ በ1942 አሥራ ሁለት ሰው የምትይዘው ቢ12 ተከተለች። ክብ መስኮት የተደረደረባት ይህች የእንጨት መኪና ሐኪሙን ወደ ምጥ የያዛት ሴት፣ ቄሱን ወደ ሟች፣ ፖስታውን ወደ መንደር፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አደረሰች።

በ1948 የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶች በክረምትም እንዲጠረጉ በሕግ ደነገገ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ የቦምባርዲየር ገበያ ግን ወደቀ። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ይህ ክስረት ሰውየውን መንገድ ከናካቴው ወደሌለበት ገፋው። በ1953 ለረግረግና ለደን ሥራ የሚሆን መስኬግ የተባለ ባለ ሰንሰለት ትራክተር አወጣ፤ በ1959 ደግሞ ስኪዱ የተባለችውን አነስተኛ የበረዶ ሞተር። በ1964 ሲሞት መኪናው ከሐኪም ቤት መንገድ ወጥቶ ወደ ዱሩ ገብቶ ነበር።

ከጦር ሜዳ ወደ ዋልታ

በመሀሉ ዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ጀርመን ኖርዌይን ስትይዝ ጄፍሪ ፓይክ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ጥቂት ወታደሮች ፈጣን የበረዶ መኪና ቢሰጣቸው በኖርዌይ ተራሮች ብዙ የጀርመን ጦር ሊያባክኑ ይችላሉ። ዕቅዱ ተሰረዘ፤ መኪናው ግን ተሠራ። ስቱድቤከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊዝል የሚባለውን ባለ ሰንሰለት መኪና ወደ 15,000 ያህል አመረተ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት በርካሽ ተሸጡ፤ ከፊሎቹ ወደ ዋልታ ጥናት፣ ከፊሎቹ ሰዎች እግራቸው ላይ ባሰሩት ሰሌዳ ወደሚንሸራተቱባቸው የስኪ ተራሮች ሄዱ።

በአሜሪካ ኦሪገን ደግሞ ኤሚት ተከር የተባለ ሰው ከሁለት ሰንሰለት ይልቅ አራት የሚሻል መስሎታል። የእሱ ስኖካት በአራት ማዕዘኑ አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከመሬቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ብልሃት የተፈተነው የብሪታኒያው ሳይንቲስት ቪቪያን ፉክስ አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ በተነሣ ጊዜ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን 1957 ከሻክልተን ሰፈር ሲነሡ ከመኪናዎቹ መሀል የተከር ስኖካቶች ነበሩ።

ጉዞው ገና ሳይጠና ሮክ ኤንድ ሮል የሚል ስም የወጣለት የፉክስ መኪና የበረዶ ድልድይ ተደረመሰበት። ከሥሩ ጥልቅ ስንጥቅ ነው። መኪናው ግን አልወደቀም፤ የፊት ሰንሰለቶቹ ወዲያ ማዶ ጠርዝ፣ የኋላዎቹ ወዲህ ጠርዝ ላይ ተንጠላጥለው መሀሉ ባዶ ላይ ቀረ። ሰዎቹ በአሉሚኒየም መሸጋገሪያ ሰንሰለቶቹን ከታች ደገፉ። ከዚያ ሌሎቹን መኪናዎች በገመድ አሰሩ፤ ከፊት የሚስብ፣ ከኋላ ደግሞ እንዳይወድቅ የሚይዝ። በቀስታ ጎትተው አወጡት። ፎቶግራፉ በዓለም ጋዜጦች ዞረ። ፉክስ ጃንዋሪ 19 ቀን 1958 ዋልታው ላይ፣ ማርች 2 ቀን ደግሞ ማዶ ስኮት ሰፈር ደረሰ፤ 3,473 ኪሎ ሜትር በ99 ቀን። ስኮት በሞተር ያልሆነለትን ፉክስ በሞተር ጨረሰው።

የተደለደለው ተራራ

ከዚህ በኋላ በሰንሰለት መኪና ሊደረስበት የማይችል በረዶ አልቀረም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ለምን ሥራ ይዋል የሚለው ሆነ፤ ገንዘብ ያለበት መልስ የመጣው ከስኪ መዝናኛዎች ነው። ሰውን ወደ ጫፍ የሚያወጣው የተራራ ሊፍት በበዛ ቁጥር ብዙ ሰው በአንድ ቁልቁለት ይወርዳል። በረዶው ይቦረቦራል፣ ይጎብጣል፣ ማታ ይደርቃል። በኮሎራዶው ዊንተር ፓርክ ስቲቭ ብራድሊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቁልቁለቱን የሚደለድል መሣሪያ ሠራ። ሞተር አልነበረውም፤ አንድ ደፋር ስኪ ነጂ ከፊቱ ሆኖ እየመራው ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ሥራ ቆይቶ ለስኖውካት ተሰጠ። ለሮኬት ጠጣር ነዳጅ ያመርት የነበረው የዩታው ታዮኮል ኩባንያ ሳይቀር የበረዶ መኪና ይሠራ ነበር። በኢጣሊያ ተራሮች የመኪና ተወዳዳሪው ኤርኔስቶ ፕሪኖት በ1960ዎቹ የራሱን ሞከረ፤ በጀርመን ኡልም ከተማ አውቶቡስ ይሠራ የነበረው ኬስቦረር በ1969 ፒስተንቡሊ የተባለውን አወጣ። ዛሬ ግሬደር ለኮረኮንች መንገድ የሆነውን ያህል ስኖውካት ለስኪ ተራራ ሆኗል።

ተራራው ሲደለደል ግን አንዳንዱ ሰው ያልተደለደለው አማረው። ሌሊት የወረደ፣ ማንም ያልረገጠው፣ እስከ ወገብ የሚውጥ ለስላሳ በረዶ ላይ መንሸራተት ከዳገት ይልቅ አየር ላይ እንደመሄድ ነው ይላሉ የሞከሩት። እዚያ ለመድረስ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ቀን በእግር መውጣት ወይም መብረር።

መብረሩን የጀመረው ሃንስ ግሞዘር ነው። በ1951 ከኦስትሪያ ወደ ካናዳ የተሰደደ የተራራ መሪ ነበር። በኤፕሪል 1965 ከሰልከርክ በስተምሥራቅ ባሉት ቡጋቡ ተራሮች፣ የተተወ የእንጨት ቆራጮች ካምፕ ይዞ፣ በአንድ ጉዞ ሁለት መንገደኛ ብቻ የምትይዝ ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ደንበኞቹን ጫፍ ላይ ማውረድ ጀመረ። ወሬው ባሕር ተሻገረ። ሆኖም ሄሊኮፕተር ሁለት እንከን አለበት፦ ዋጋውና ጉሙ። በሰልከርክ ጥሩ በረዶ የሚወርደው ደመናው ሲወፍር ነው፤ ደመናው ሲወፍር ደግሞ አብራሪው አይነሣም። ደንበኛው የከፈለበትን በረዶ በመስኮት እያየ ቁጭ ይላል።

ሜዶው ክሪክ፣ 1975

ኩትኒ ሐይቅ በስተሰሜን የሚያልቅበት ሸለቆ ውስጥ ሜዶው ክሪክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። አካባቢው በ1890ዎቹ የብር ማዕድን ተገኘበትና ሰው ጎረፈበት፤ ብሩ ሲመነምን ሕዝቡም ተበተነ። ከዚያ ወዲያ እንጀራው የደን ሥራ ሆነ። የእንጨት ኩባንያዎች ግንዱን ለማውረድ በተራሮቹ ጎን የአፈር መንገድ እየጠመዘዙ ወደ ላይ አወጡ። በክረምት እነዚህ መንገዶች በረዶ ለብሰው ተዘግተው ይከርማሉ።

አለን ድሩሪና ባለቤቱ ብሬንዳ በ1975 ያዩት እነዚህን ባዶ መንገዶች ነው። በበጋ የግንድ መኪና የሚወርድበት፣ በክረምት ስኖውካት ሊወጣበት ይችላል። ሰልከርክ ዊልደርነስ ስኪንግ የተባለው ድርጅታቸው ደንበኞችን በስኖውካት ወደ ዱር ተራራ በማውጣት በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሄሊኮፕተሩ በደቂቃዎች የሚደርስበትን መኪናው እያጓራ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅበትም በጉምም በወጨፎም ይሄዳል፤ ክፍያውም በእጅጉ ያነሰ ነው። የእንጨት ቆራጮቹ መንገድ፣ ከቦምባርዲየርና ከተከር የተወረሰው ሰንሰለት፣ ከግሞዘር የተቀዳው ምኞት እዚህ ሸለቆ ውስጥ ተገናኙ።

የአንድ ቀን ውሎው ያኔም ዛሬም ብዙ አልተለየም። ጠዋት ጨለማ ሳይለቅ ነጂው ሞተሩን ያሞቃል፤ ሌሊት የወረደውን በረዶ ከፊት ባለው ሰፊ ስለት እየገፋ መንገዱን ይከፍታል። ከኋላው የተገጠመው ክፍል እንደ ሚኒባስ ወንበር ተደርድሮበታል፤ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ይይዛል። ስኪዎቹ ውጭ በቅርጫት ይሰቀላሉ። ውስጡ ማሞቂያ ስላለው መስኮቱ በትንፋሽ ይጨልማል፤ እርጥብ ጓንት ጣሪያው ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ቶን የሚመዝነው መኪና ክብደቱን በሰፊ ሰንሰለት ስለሚዘረጋ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በረዶ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በእግሩ ከሚሄድ ሰው ያነሰ ነው። በሩ ተከፍቶ የዘለለ እንግዳ እስከ ጭኑ ሲሰምጥ መኪናው ከጎኑ ላይ ላዩን ቆሟል።

ከእንግዶቹ ጋር ከሚሄዱት ሁለት የተራራ መሪዎች አንዱ ከፊት ይወርዳል፣ ሌላው ከኋላ ይሰበስባል። ጫካ ውስጥ ሲገቡ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየተጠራሩ ነው የሚወርዱት። በዛፍ ግንድ ዙሪያ በረዶው ልል ጉድጓድ ይሠራልና እዚያ በአናቱ የወደቀ ሰው ናዳ ሳይመጣበት ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ታች መንገዱ ላይ መኪናው ይጠብቃቸዋል። እንደገና ጭኖ ይወጣል፤ እስኪመሽ ድረስ።

በረዶን ማንበብ

መኪናው ወደ ላይ የሚያወጣውን መንገድ ፈታ። ቁልቁለቱ ግን ሮጀርስ ፓስን የቀበረው ያው በረዶ ነበር። ናዳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለስኪ የሚመረጠውም ይኸው ነው። ጥርት ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት በበረዶው ፊት ላይ አመዳይ ይወርዳል። ደጋ ያደገ ሰው ጠዋት ሣር ላይ የሚያውቀው አመዳይ ነው፤ እዚያ ግን ትልልቅ ላባ መሰል ቅንጣት ይሆናል። ፀሐይ ሳያቀልጠው አዲስ በረዶ ከወረደበት ተቀብሮ ይቆያል። ከላዩ ያለው ንጣፍ ወፍሮና ጠንክሮ ይከርማል፤ ከሥሩ ያለው አመዳይ ግን መያዣ የለውም። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሰው ሲያልፍበት ንጣፉ እንዳለ ተሰንጥቆ ይሄዳል።

ስለዚህ የመሪው ዋና ሥራ ስኪ መንዳት ሳይሆን መቆፈር ነው። በአካፋው ጉድጓድ ይምስና ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር በ30 የሆነ ዓምድ ይቆርጣል። አካፋውን ዓምዱ አናት ላይ አጋድሞ በእጁ ይመታዋል፤ አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓው፣ አሥር ከክርኑ፣ አሥር ከትከሻው። ዓምዱ በስንተኛው ምት፣ በየትኛው ንጣፍ፣ እንዴት አድርጎ እንደተሰበረ ይጽፋል። በሦስተኛው ምት ተንሸራትቶ ከወደቀ የዚያ ቀን ቁልቁለት አይነካም።

ናዳው ከመጣ ደግሞ የሚያድነው ጊዜ ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ገደማ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይመነምናል፤ ከሩቅ የሚመጣ አዳኝ አይደርስለትም፤ የሚደርስለት አብሮት የሚወርደው ነው። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ጆን ሎውተን ስካዲ የተባለ ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ሠራ። እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚልክ መሣሪያ በደረቱ ያስራል፤ ናዳ ከወረደ የተረፉት መሣሪያቸውን ወደ መቀበያ ቀይረው የተቀበረውን ይፈልጋሉ። ዓመታት ፈጅቶ በ1990ዎቹ ሁሉም 457 ኪሎ ኸርዝ ላይ ተስማሙ። ዛሬ በስኖውካት የሚወጣ እንግዳ ቁርሱን በልቶ መጀመሪያ የሚለማመደው በዚህ መሣሪያ፣ በረጅም መውጊያ ዘንግና በአካፋ ጓደኛውን ፈልጎ ማውጣትን ነው።

ሰፊው ስኪና የ2003 ክረምት

ከድሩሪዎቹ በኋላ ሥራው ቀስ ብሎ ተስፋፋ። በ1983 በኮሎራዶ ስቲምቦት ፓውደር ካትስ ሥራ ጀመረ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፈርኒ አጠገብ አይላንድ ሌክ ሎጅ ተከተለ። የቀረው እንቅፋት እንግዳው ራሱ ነበር። በጠባብ ስኪ ጥልቅ በረዶ ላይ መውረድ የጥቂት ጥበበኞች ነገር ነው፤ ሌላው ይሰምጣል፣ ይወድቃል፣ ስኪውን ሲፈልግ ቀኑ ይመሻል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኦስትሪያው አቶሚክ ኩባንያ ባለሙያ ሩፐርት ሁበር ሁለቱም እግር በአንድ ላይ የሚቆምበትን የስኖውቦርድ ሰሌዳ ለሁለት ከፍሎ ሰፊ ስኪ አደረገው። በፊት ለመሳቂያ የቀረበው ስኪ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ሳይቀር በዱቄት በረዶ ላይ አንሳፈፋቸው። ድሮ ለጥቂቶች የነበረው ለብዙዎች ሆነ፤ በዚያው ልክ ያልተረገጠ ቁልቁለት ቶሎ ያልቅ ጀመር።

የስኖውቦርድ ትውልድም መጣ። አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ክሬግ ኬሊ ውድድሩን ትቶ ፊቱን ወደ ዱር ተራራ አዞረ፤ ኔልሰን ከተማ አጠገብ በስኖውካት በሚሠራው ቦልድፌስ ሎጅ ምሥረታ ላይ እጁ ነበረበት፤ የተራራ መሪነት ፈቃድ ለማግኘትም ይማር ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 2003 ሬቨልስቶክ ከተማ አጠገብ በእግር ከሚወጣ ቡድን ጋር ሳለ የወረደ ናዳ እርሱን ጨምሮ 7 ሰው ገደለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ ሮጀርስ ፓስ አጠገብ ሌላ ናዳ የአንድ ትምህርት ቤት 7 ተማሪዎችን ቀጠፈ። ሁለቱም የስኖውካት አደጋዎች አልነበሩም። ነገር ግን አንደኛው ከነበሩት ሁሉ የላቀውን ባለሙያ፣ ሌላው ገና ጀማሪ ልጆችን በአንድ ሰሞን ወሰደ፤ ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ አገሩ ሁሉ ገባው። በሚቀጥለው ዓመት ለሕዝብ የናዳ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ የካናዳ የናዳ ማዕከል ተቋቋመ።

በ2010 ዓለም ለክረምት ኦሊምፒክ ወደዚያው ክፍለ ሀገር፣ ወደ ቫንኩቨር መጣ። የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በቱሪን 2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሮቤል ተክለማርያም ለሁለተኛ ጊዜ በዊስለር ተወዳደረ። በዚያ ሰሞን ባሕሩ አጠገብ ያለው ሳይፕረስ ተራራ ሞቀና በረዶው ቀለጠ፤ አዘጋጆቹ በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር ከሌላ ቦታ በረዶ አጋዙ። ዝቅ ያሉት ተራሮች ሲራቆቱ ከፍ ወዳሉትና ከባሕሩ ወደሚርቁት የሚያወጣው መኪና ተፈላጊነቱ ይጨምራል።

ካሪቡና ተኩላው

በእነዚያ ከፍ ያሉ ተራሮች ግን ከሰው በፊት የክረምቱን በረዶ የለመደ ነበር። ካሪቡ የአጋዘን ዘር ነው። የሰልከርኩ ካሪቡ በክረምት ሌሎች እንስሳት ወደ ሸለቆ ሲወርዱ እርሱ ወደ ላይ ይወጣል። ሰፊ ሰኮናው በረዶው ላይ ያቆመዋል፤ በረዶው በወፈረ ቁጥር ከፍ ካለው ቅርንጫፍ የዛፍ ሽበት ይደርስለታል፤ ያንን በልቶ ይከርማል። ተኩላ ጥልቅ በረዶ ስለሚውጠው አይከተለውም። ጥልቁ በረዶ አጥሩ ነበር።

የካሪቡን ቤት በዋናነት ያፈረሰው የደን ጭፍጨፋ ነው። አሮጌው ደን ሲቆረጥ የዛፍ ሽበቱ አብሮ ይሄዳል፤ በምትኩ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ሌሎች ግጦሽ እንስሳትን ይስባል፤ እነርሱን ተከትሎ ተኩላው ይመጣል። የክረምት መዝናኛውም የራሱን ጨመረ። የሞተር ድምፅ እንስሳውን ከሚበላበት ያባርረዋል፤ በሞተር የተረገጠና የጠነከረ በረዶ ደግሞ ለተኩላ ጥርጊያ መንገድ ነው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት በ2007 የካሪቡ ማገገሚያ ዕቅድ አወጣ፤ ሰፋፊ የተራራ ቦታዎች ለበረዶ ሞተር ተዘጉ። ለደቡብ ሰልከርክ መንጋ ግን ዘግይቶ ነበር። በ2018 ሦስት እንስት ካሪቡዎች ብቻ ቀሩ። ጃንዋሪ 2019 የመጨረሻዋ ተይዛ ወደ ሬቨልስቶክ በረት ተወሰደች፤ መንጋው አለቀ።

መኪናው ራሱ እየተለወጠ ነው። ኬስቦረር በናፍጣና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፒስተንቡሊ ካወጣ ቆይቷል፤ ፕሪኖት በ2020 በሃይድሮጅን የሚሄድ ሞዴል አሳየ። ጭሱም ድምፁም ሊቀንስ ይችላል። የተረገጠው መንገድ ግን በናፍጣም በኤሌክትሪክም ያው መንገድ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ማን እንደሚሄድበት አይመርጥም። የቫልኩሩ መካኒክ የታመመ ልጅ እንዲያልፍበት አስቦ የሠራው ሰንሰለት ሳይንቲስቱን፣ እንጨት ቆራጩን፣ ስኪ ነጂውንና ተኩላውን በተራ አሳለፈ። በረዶ ላይ እንዴት ይኬዳል የሚለው የመካኒክ ጥያቄ ካለቀ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን በየሸለቆው የስኖውካት ድርጅቶች በመንግሥት መሬት ለመሥራት የያዙት ፈቃድ ሲታደስ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ሌላ ነው፤ የትኛው ተራራ መንገድ ሳይወጣለት ይቅር?